ሁለተኛው ገንፎ

ባለፈው ዓመት የገና ሰሞን ታናሽ እህቴ አልጋዬ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ስታገላብጥ ቆየችና፣ «እታለም፣ ቤቢ ሻወር እናድርግ» አለችኝ። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። እኔ ለተሳላሚ የሚሸጥ ነጠላ እያጠፍኩ ነበር፤ ላሊበላ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ነው የምሸጠው፣ የገና ሰሞን ደግሞ ቀና ብዬ ሰው የማይበት ጊዜ አይደለም።

«ሻወር ደግሞ ምን አመጣው? ሰው ጠርተን ገላሽን ልናጥብሽ ነው?» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። ተነስታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ፊኛ፣ ኬክ፣ ሆዳቸውን በሪባን ያሰሩ ሴቶች። የሆነችዋ ደግሞ አክሊል ደፍታለች።

«ይሄማ ገንፎ ነዋ! ፊኛ ተጨመረበት እንጂ» አልኳት።

«እሱንም እናደርጋለን። ገንፎውም ፊኛውም፣ አንቺ ቤት።»

እሺ አልኳት። እሷን እምቢ ብያት አላውቅም፤ በሽታዬ እሱ ነው።

ገንፎው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልናገር። የሌላውን አላውቅም፣ በእኛ ቤተሰብ ግን የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወሯ ሲገባ ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ ያገነፉላታል። አናቷን ቅቤ ይቀቧታል፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ ይሏታል። የመጀመሪያዋን ጉርሻ የምታጎርሳት እናቷ ናት። እሷ ስታጎርሳት ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ነገሩ በዚያው ይቆረጣል፤ ያጎረሰቻት ሴት ምጧን ትይዛለች፣ አራስነቷንም እሷው ቤት ታሳልፋለች። እናት የሞተችባት እንደሆነ እናት የሆነቻት ታጎርሳለች።

የእህቴ እናት እኔ ነኝ። እናታችን ስትሞት እሷ ገና ጥርስ አላበቀለችም ነበር። በአንቀልባ አዝዬ፣ ጀርባዬ ላይ እየሸናችብኝ፣ ገንፎ በጣቴ እያላስኩ ነው ያሳደግኳት። ትምህርቴን ያቆምኩት በእሷ ምክንያት ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ያቆምኩት ግን ያኔ ነው። ኋላ እኔም አገባሁ። ልጅ አልመጣም። ያልተጠመቅኩበት ጠበል፣ ያልተሳልኩበት ደጅ የለም። ባሌ መጠበቅ ሰለቸውና ሄደ፤ አሁን ኮን ከተማ ነው የሚኖረው፣ ልጆችም ወልዷል። እግዜር ያሳድግለት። ይህንን ከልቤ የምለው ታዲያ አንዳንድ ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ የእህቴ እርግዝና ለእኔ ምን እንደነበር ሰው ይረዳኛል። የራሴን ምጥ አላየሁም፣ የእሷን ወገብ ይዤ ማርያም ማርያም ማለት ፈለግሁ። አራስ ቤቴ ተኝታ፣ ሕፃን ቤቴ አልቅሶ መስማት ፈለግሁ። ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም። እሷም በገዛ አፏ፣ «የማንም ቤት አልታረስም፣ አንቺው ጋ ነኝ፣ እኔ ልሙት» ብላኝ ነበር። ማማዬ ብትለኝ እንኳ እንደዚያ አንጀቴ ቅቤ አይጠጣም ነበር።

ከጓሮ በኩል አንዲት ክፍል አለችኝ፤ በየዓመቱ ለገና ለተሳላሚ የማከራያት። ያን ዓመት ግን ስንት ሰው ደጄ ቆሞ ሲለምነኝ፣ «ተይዛለች» እያልኩ መለስኩ። ግድግዳዋን አስለሰንኩ፣ አልጋ አስገባሁ፣ ለመስኮቷ ወፍራም መጋረጃ ሰፋሁ፤ አራስ ብርሃን ይበዛባታል ብዬ። የገንፎውን ገብስ አንድ በአንድ ለቅሜ፣ አምሼ አስፈጨሁ። ለአናቷ የሚሆን ለጋ ቅቤ ከገጠር አስመጣሁና አደስ ቀጥቅጬ ለወስኩበት። እኔ ስለውሰው ትንሽ ጦስኝም እጨምርበታለሁ፤ ይህን ከእኔ ሌላ የሚያደርግ አላየሁም። ሽታው ከሩቅ ይለያል።

ድግሱን ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጾም ሳይገባ፣ ለአንድ እሑድ ቆረጥነው።

ዓርብ ዕለት አክስቴ መጡ። የአባቴ እህት ናቸው፣ ትልቅ ሰው። እናታችን ከሞተች በኋላ ለእኔም ለእህቴም የቀረን ዘመድ እርሳቸው ናቸው። ባሌ የሄደ ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ያለቀሱ እርሳቸው ናቸው። ገብተው ተቀመጡ፣ የክፍሏን መጋረጃ አደነቁልኝ፣ ቤቱን አንድ ዙር በዓይናቸው ዞሩትና፣

«ልጄ፣ ከዚያ ከለወስሽው ቅቤ ትንሽ ብትሰጪኝ። አንዲት ራሷን የሚያማት ሴት አለችብኝ» አሉኝ።

በሲኒ ልሰጣቸው ስል፣ «ኧረ ጨመር አድርጊ፣ አትሰስቺ» አሉኝ። በጣሳ ሞልቼ ሰጠኋቸው። መረቁኝ። ሲመርቁኝ ፊት ለፊት አላዩኝም፣ ያን ጊዜ ግን የት አስተውዬው።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እህቴ በደጄ ስታልፍ፣ «ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለኝ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ውዬ ነው የምመጣው» አለችኝ። «ቅዳሜም ይሠራሉ እንዴ?» አልኳት። «ለእርጉዝ ይሠራሉ» አለችኝ። ወረፋ ላይ እንዳይርባት ብዬ በሶ በጥብጬ፣ ማር ጨምሬ፣ በላስቲክ ጠርሙስ አስያዝኳት። ጉንጬን ሳመችኝና ጠርሙሱን ይዛ ሄደች። እስከ መንገዱ ማጠፊያ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋት፤ እንዳያደናቅፋት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤቱ ሞላ። የሰፈር ሴቶች፣ የእህቴ የቢሮ ጓደኞች፣ ከገጠር ከገነተ ማርያም ደግሞ የባሏ እናት ሁለት ምራቶቻቸውን አስከትለው መጡ። ባሏ ሹፌር ነው፣ ያን ቀን መንገድ ላይ ነበር። ፊኛውን የምትነፋው ከወገል ጤና ከተማ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ጎረቤቴ ናት። አንገቷ ሥር እስኪገታተር ትነፋና፣ «ኧረ በሕግ! ሳንባዬን እዚሁ ጥዬው ልሄድ ነው» ትላለች። ፊኛው ሁሉ ቢጫ ነው፤ እህቴ ወንድ ይሁን ሴት አልታወቀም ብላ ነው ቢጫ ያስገዛችኝ። ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍነው።

የአማቷ ዓይን ከገቡ ጀምሮ ፊኛው ላይ ነው።

«ልጄ፣ እነዚህ ለምንድን ናቸው?» አሉኝ።

«ለጌጥ ነው እማማ።»

«አይፈነዱም?»

«ካልነኩዋቸው አይፈነዱም።»

«እንግዲያው እኔ ወዲያ ልሁን» ብለው በር ጥግ ሄደው ተቀመጡ። ሳቅን። ደግ ሴት ናቸው፣ የልባቸውን የሚናገሩ ናቸው። እስከ ዛሬም ክፉ ልላቸው አልችልም።

ያን ዕለት ሴቶቹ ሁሉ ልዩ ሆነውብኝ ነበር። በሰላምታ ጊዜ አጥብቀው ያቅፉኛል፣ ትሪ ልይዝ ስል ከእጄ ይቀማሉ፣ «አንቺ እኮ ብርቱ ነሽ፣ እግዜር ይካስሽ» ይሉኛል። ደስታዬን አይተው ነው የተደሰቱልኝ ብዬ እኔም እየዞርኩ እስማቸዋለሁ። አቤት ሞኝነቴ! አሁን ሳስበው ለቅሶ ቤት ያለች ሴት ነው የሚያስተዛዝኑት የሚመስለው።

ገንፎው ሳይቀርብ በፊት እህቴን አናቷን ልቀባት ሻሿን ፈታሁ። ጸጉሯ ተቀብቷል። ቅቤው ገና ሙሉ ለሙሉ አልገባም፣ ሥሩ ላይ ነጭ ነጭ ይታያል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ አደስና ጦስኝ።

«ማን ቀባሽ?» አልኳት።

«ጸጉሬ ደርቆብኝ ራሴው ነኝ» አለችኝ፣ ሻሿን ከእጄ እየወሰደች።

ከማሰሮዬ ሰርቃ የተቀባች መስሎኝ ሳቅሁ። በልጅነቷም ስኳር እየሰረቀች ትልስ ነበር። እንዲያውም ደስ አለኝ። እላዩ ላይ ትንሽ ጨመር አድርጌ ቀባኋትና ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

ገንፎ ጉልበት ይጠይቃል፤ ማማሰያውን ለማንም አልሰጠሁም። እጄ እስኪዝል አማስዬ፣ በገበቴ ገልብጬ፣ ክብ አድርጌ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤና በርበሬ ሞላሁበት። ይዤው ስገባ የቢሮ ጓደኞቿ ስልካቸውን አነሱ። እህቴ ሆዷ ላይ ቢጫ ሪባን አስራ መሐል ተቀምጣለች። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል። ቤቱ ሰው ስለበዛበት ነው አልኩ።

ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ። አማተብኩ። አንድ ጉርሻ ከጫፉ ቆርሼ ቅቤው ውስጥ ነክሬ አነሳሁ። ይህንን ቀን ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብዬ አጎረስኳት። አፏን ከፈተች፣ ተቀበለች፣ አላመጠች። ዓይኗ ግን መሬት መሬት ያያል።

እልልታውን ጠበቅኩ።

ከጎረቤቴ በቀር ያለ አልነበረም። እሷ ብቻዋን «እልልልል» ብላ ጀመረች፣ ሌላው ሳይከተላት ሲቀር ግራ ቀኝ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ምነው? እልል በሉ እንጂ! ምላሳችሁን ቅቤ ያዘው?» አልኩ እየሳቅሁ።

አክስቴ የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥራሉ። የሰፈር ሴቶች እርስ በርስ ይተያያሉ። ስልክ የያዘችዋ ልጅ፣ «እትዬ፣ ቪዲዮ ላይ ነን፣ እልል ይበሉ እንጂ» ብላ አጠገቧ ያሉትን ሴትዮ ጎነተለቻቸው። ሴትዮዋ ክንዳቸውን ሰበሰቡ።

በር ጥግ የተቀመጡት የእህቴ አማት ናቸው የተናገሩት። «አይ እናንተ ልጆች፣ ለአንድ ሆድ ሁለት ጊዜ እልል ይባላል እንዴ? ለሕፃኑ ደግ አይደለም፣ ይቀሰፋል።»

«ሁለት ጊዜ?» አልኳቸው።

«ትናንት እኛ ጋ ብለነው የለ። እኔው ነኝ ያጎረስኳት።» ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ አልነገሩሽም እንዴ?»

ክው አልኩ። ተንበርክኬ ነበር፣ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። ቤቱን አየሁት፤ ያቺ ትናንት ነበረች፣ ያቺም ነበረች፣ ያቺም። አንድ በአንድ ዓይናቸውን ሰበሩልኝ። ትናንት ገነተ ማርያም ሄደው ገንፎ በልተው፣ እልል ብለው፣ ዛሬ ደግሞ ጉንጬን እየሳሙ ቤቴ ገብተዋል። ከጎረቤቴ፣ ከቢሮ ልጆቹና ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። እህቴ ጤና ጣቢያ አልሄደችም። በሶዬን እየጠጣች ነው ገነተ ማርያም የሄደችው።

ሰው ቢሆን ይጮሃል። እኔ ተነስቼ ገንፎውን ለእንግዳ አዞርኩ። ምን ላድርግ፣ ቤቴ ነው የገቡት። ለእያንዳንዷ በእጄ ሰጠሁ። በሉም። ሲበሉ እያየሁ ደሜ ይፈላል፣ እጄ ግን «ጨምሪ እንጂ፣ አፈር ስሆን» እያለ ያድላል።

ሲጨርሱ እህቴን፣ «ነይ እስቲ» አልኳትና ወደ ጓሮዋ ክፍል አስገባኋት። በሩን ዘጋሁት።

«ለምን?» አልኳት።

«እታለም፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው ፊኛ ያስነፋሽኝ?»

«ያንቺም እንዳይቀር ብዬ ነው፣ እኔ ልሙት። ሁለቱንም ባደርግ ማን ይጎዳል አልኩ። እልል አንልም ይላሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«እኔ የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም። የመጀመሪያው ለምን እኔ ጋ አልሆነም?»

ሪባኑን መፍታት ጀመረች፣ ቋጠሮው አልፈታ አላት። «ሰዎች አሉ» አለች።

«የትኞቹ ሰዎች? ጥሪያቸው!»

«አክስቴ ናቸው። ያልወለደች ሴት የመጀመሪያውን ካጎረሰች ለልጁ… ጥሩ አይደለም አሉኝ። እኔ እንኳን በእንደዚህ ያለ ነገር አላምንም። ታውቂኝ የለ፣ የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«ካላመንሽ ታዲያ?»

ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ሆን ብላ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን አለች።

«ፈራሁ» አለችኝ።

ሌላ ነገር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አማቴ አስገደዱኝ ብትል፣ ባሌ ነው ብትል፣ አላውቅም ብትል። ፈራሁ አለች። የፈራችው እኔን ነው።

«አንቺስ?» አልኳት። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል። «አንቺ በማን እጅ ጎርሰሽ አደግሽ? ይሄ እጅ አይደል? ሞትሽ? በይ ንገሪኝ፣ ሞትሽ?»

ማልቀስ ጀመረች።

«ተይ፣ አታልቅሺ። አንቺ እያለቀስሽ እኔ መቼ ላልቅስ?» አልኳት።

ትቻት ወጣሁ። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ሊሄዱ ቆመዋል። ደጃፉ ላይ ያዝኳቸው።

«ራሷን ያመማት ሴት ተሻላት?» አልኳቸው።

ቀላ ብሎ የነበረው ፊታቸው አመድ ሆነ። ሰው ሁሉ ይሰማል። ቅቤው የማን እንደነበር፣ ለማን እንደለወስኩት፣ የት እንደተወሰደ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ጎረቤቴ «ኡኡቴ!» ብላ እጇን አጨበጨበች።

«ልጄ» አሉኝ አክስቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ለአንቺም ብዬ ነው። ምጥ ነው፣ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ነገር ቢሆን፣ እግዜር አያድርገውና፣ በማን የሚያላክኩ ይመስልሻል? በአንቺ ነው። እድሜ ልክሽን ይሄ ሰፈር አያኖርሽም ነበር።»

እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። እኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ አይለቅም። ግን ለምን አልጠየቁኝም? አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እንዲህ ይሉሻልና ይቅርብሽ» ቢሉኝ እኔ እኮ እሺ እል ነበር፣ እያለቀስኩም ቢሆን እል ነበር። አብሬያቸው ገነተ ማርያም ሄጄ ጥግ ይዤ እልል እል ነበር። በጣሳ ቅቤ አስሞልተው አሞኝተውኝ ሄዱ።

«ይሂዱ እንግዲህ፣ እንዳይመሽብዎ» አልኳቸው።

ያንኑ ዕለት እህቴ ከአማቷ ጋር ወደ ገነተ ማርያም ሄደች። ክፍሏ ውስጥ የሰበሰብኩትን የሕፃን ልብስና መጠቅለያ በዘንቢል አድርጌ ራሴው ሰጠኋት፤ ሕፃኑ ምን አጠፋ። ሴቶቹ ሲወጡ ማንም ቻው አላለኝም፣ በደፈናው «እግዜር ይስጥልን» እያሉ ተንጠባጠቡ። ጎረቤቴ ብቻ ቀረች። ፊኛውን በሹካ እየወጋች አንድ በአንድ አፈነዳችው፣ በየፊኛው አንድ ስድብ። ሳቅ አመለጠኝ፣ ሳቁ ግን መሐል ላይ ለቅሶ ሆነብኝ፣ እሷም ሹካዋን ጥላ አቀፈችኝ። እስኪበቃኝ አለቀስኩ። በሳምንቱ የጓሮዋን ክፍል ለአንድ መምህር አከራየኋት።

የካቲት ውስጥ ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ወሬውን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው፣ ከሰው አፍ። ሄድኩ። እንዴት ልቅር፣ ሰውስ ምን ይለኛል፣ እሷስ ምንም ብትሆን እህቴ አይደለች? ባዶ እጄንም አልሄድኩም። ደጃፍ ላይ ቆሜ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት፣ «ማርያም ታኑርሽ» አለችኝ። ልጅቱ ተጠቅልላ ተኝታለች። ያዣት ያለኝ የለም፣ እኔም ልያዛት አላልኩም። የሰጡኝን በልቼ መረቅሁና ተመለስኩ። ክርስትናዋም ዕለት ሄጄ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ አየሁ። ቄሱ አንገቷ ላይ ማተብ ሲያስሩላት አለቀሰች፣ ድምጿ ወፍራም ነው፣ እንደ እናቷ በልጅነቷ።

ከዚያ የእህቴ የወሊድ ፈቃድ አለቀ።

አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ልጇን ታቅፋ መጣች። ከድግሱ ወዲህ ቤቴ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ከስታለች። እንደቆመች፣ ሳትቀመጥ፣ እየተጣደፈች ተናገረች፤ አማቷ እርሻና ከብት ጥለው ከገነተ ማርያም ሊመጡ አይችሉም፣ ሠራተኛ ፈልጋ አላገኘችም፣ ለማያውቁት ሰው ደግሞ ሕፃን እንዴት ይሰጣል።

«ለማያውቁት ሰው አይሰጥም» አልኳት።

«እኮ። ለዚህ ነው እታለም… ቢሮ ስሆን ብቻ። ማታ ማታ እወስዳታለሁ።»

ስንት ወር ሙሉ ለእሷ የምናገረው ነገር ሳዘጋጅ ነበር። ነጠላ እያጠፍኩ፣ ውኃ እየቀዳሁ፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በልቤ ስለፈልፈው የከረምኩት ነገር ነው። «ዛሬስ እጄን አትፈሪም?» ልላት ነበር። «ሥራ ሲመጣ ነው እንደ ወላድ የምቆጠረው?» ልላት ነበር። አንዱም አልመጣልኝም። ልጅቱ ነቅታ ታየኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁ፣ እህቴም ሰጠችኝ። ከባድ ናት፣ ደንዳና። አንገቷ ውስጥ ወተት ወተት ይሸታል። ስወዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ምን እንደሚሻለኝ አላውቅም።

ያን ቀን ፀሐዩ ሞቅ ሲል ላጥባት ልብሷን አወለቅሁ። አንገቷ ላይ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ማተቧ ነው፣ እሱን አውቀዋለሁ። ሌላው በጥቁር ቆዳ የተሰፋ ትንሽ ክታብ ነው። ክርስትናዋ ዕለት አልነበረም። ቆዳው ገና አልለሰለሰም፣ ክሩም ላብ አልነካውም።

ማታ እህቴ ልትወስዳት ስትመጣ፣ «ይሄ መቼ ታሰረ?» አልኳት።

«ሰሞኑን» አለችኝ፣ ልጇን እያቀፈች።

«ለምኑ?»

«ለዓይን ነው… ለምናምን። እንዲሁ። አማቴ ናቸው ያሠሩላት።» ፊቷን ወደ ልጇ አዞረች። «ውኃ እንዳይነካው ብለዋል እታለም። ስታጥቢያት ጠንቀቅ በይልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጅቱ እኔ ጋ ናት። ረፋዱ ላይ በገበቴ ለብ ያለ ውኃ አደርግና አጥባታለሁ። ክታቡ ከእኔ እንዲጠብቃት የታሰረ ነው፤ እንዳይረጥብ በግራ እጄ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ በቀኜ አንገቷን አጥባለሁ። ውኃው ሲነካት ትስቃለች። እናቷን ይቅር አላልኳትም።